ቀደም ብዬ እንደገለጽኩት

ላሊበላ ውስጥ ሥራ የፈታ አስጎብኚ ምን እንደሚመስል የማታውቁ ካላችሁ፣ ያኔ እኔን ማየት ይበቃችሁ ነበር። ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እወጣለሁ። የምሄድበት ቦታ ግን የለም። መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላው ግጭት እየተቀባበሉ እንግዳውን ከአገራችን አራቁት። የቤተ መድኃኔ ዓለምን ዓምዶች በሦስት ቋንቋ የማስቆጥር ሰውዬ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሚያልፉ ባጃጆችን እቆጥር ጀመር።

ያልተወሰደብኝ ነገር እንግሊዝኛዬ ብቻ ነበር። ታዲያ በእሱ የምኮራው ኩራት ለጠላት አይስጥ። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ የጽሕፈት መምህር ነበረን። «የነገርከኝን መልሰህ የምትነግረኝ ከሆነ፣ ወይ አንተ ረስተሃል ወይ እኔን ደደብ አድርገኸኛል» ይለን ነበር። ያወቀ ሰው ወደ ኋላ ይጠቁማል እንጂ አይደግምም። «ቀደም ብዬ እንደጠቀስኩት»፣ «ከላይ እንደተመለከተው»፣ «ባለፈው ደብዳቤዬ በዝርዝር እንዳብራራሁት»። እነዚህን ሐረጎች በእንግሊዝኛ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ እንደ ዳዊት እደግማቸው ነበር። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ለእንግዶቹ «አዝ አይ ቶልድ ዩ ቢፎር ቢፎር» ሲል ሰምቼ እዚያው ፊታቸው አርሜዋለሁ። «አዝ አይ ሜንሽንድ ኧርሊየር በል እንጂ!» ሰውዬው ሳቅ ብሎ «ዋናው ገብቷቸዋል» አለኝ። ናቅኩት።

ሥራው ሲጠፋ ይህ እንግሊዝኛዬ ሌላ ጥቅም አገኘ። በእኛ ከተማና በዙሪያዋ ካለው ገጠር፣ በደጉ ጊዜ ከመጣ እንግዳ ጋር የተዋወቀ ብዙ ቤተሰብ አለ። ልጅ የሚያስተምርለት፣ በሽተኛ የሚያሳክምለት። ደብዳቤውን የምንጽፍላቸው ግን እኛ አስጎብኚዎች ነን። እኔ መጀመሪያ በደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወደ ስልኬ ገልብጬ እልካለሁ። የመላኪያውን ምልክት ስነካ ደብተሩ ኅዳግ ላይ «ተልኳል» ብዬ የራይት ምልክት አደርጋለሁ። ደብተሬ የላሊበላ ፖስታ ቤት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባለጉዳዮቼም አክብረው «መምህር» ይሉኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አስተምሬ አላውቅም።

እትዬ ደብሬ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከሙጃ በዚህ በኩል ካለች የደጋ መንደር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ነች። ዕድሜዋ ከእኔ ቢበልጥም ለብዕሬ ስትል አንቱ ትለኛለች። ያላት አንዲት ልጅ እናኑ ናት፤ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከወረርሽኙ በፊት ማርጋሬት የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ በበቅሎ ደጋውን ሳስጎበኛት፣ እናኑ ትንሽ ዳገት ወጥታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አየቻት። ከበቅሎዋ ወርዳ ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ተቀይሮ ነበር። «ይህች ልጅ ልቧ ነው» አለችኝ።

ደሴ ወስደን ስናስመረምራት እውነት ሆነ። በሕፃንነቷ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የልቧን ቫልቭ በልቶታል። በየወሩ መርፌ መወጋት እንዳለባትና፣ ዞሮ ዞሮ ግን ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ተነገረን። ማርጋሬት አገሯ ገብታ ዝም አላለችም። በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ እየመጡ የልብ ቀዶ ጥገና ለሚሠሩ ሐኪሞች ስሟን አስመዘገበችላት። እኔም ሁኔታዋን እየጻፍኩ እልክ ነበር። ካቻምና ክረምት መግቢያ ላይ የላክሁት እንዲህ ይል ነበር፦ «እናኑ መርፌዋን ሳታቋርጥ እየወሰደች ነው። ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ዳገት ሲሆን ብቻ ታርፋለች። ሁኔታዋ የተረጋጋ ነው።» ያኔ እውነት ነበር። ይህቺን ደብዳቤ ያዙልኝ።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ለሳምንት ያልነው ወራት ሆነ። መንገድም ተዘጋ፣ መርፌውም ከጤና ጣቢያው ጠፋ። በጥር እናኑ ከወንዝ ውሃ ይዛ ስትመለስ ወደቀች። የመንደሩ ወንዶች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ላሊበላ አደረሷት። የመረመራት ሐኪም እኔንና እናቷን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «ቫልቩ በጣም ተበላሽቷል። ልቧም አብጧል። ዘንድሮ ካልተሠራላት ለሚቀጥለው ዓመት አትደርስም» አለን። ይህንኑ በወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጠን።

በዚያ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ብልጭ አለ። ከተማው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ቀድሜ በደብተሬ አራት ገጽ ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ መውደቋን፣ መርፌው መቋረጡን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ አንድም ሳላስቀር። የሐኪሙንም ወረቀት ፎቶ አንስቼ አያያዝኩት። መላኪያውን ስነካ ክቧ ምልክት ስክሪኑ ላይ መዞር ጀመረች። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ደብተሬ ላይ «ተልኳል» ብዬ ራይት አደረግሁ። ከሕይወቴ በሙሉ እንደዚያች ራይት የምጠላት ነገር የለኝም።

መጋቢት ላይ አንድ ሐሙስ ጠዋት ኔትወርክ ለየለትና መጣ። ስልኬ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ እንዳለሁ ይንጫጫ ጀመር። ብቅ ብቅ የሚሉትን ማሳሰቢያዎች ሳላነብ እየገፋሁ የመጡትን መልእክቶች ከፈትኩ። ከመልእክቶቹ አንዱ ከማላውቀው ሰው ነበር። ማርጋሬት ታማ አልጋ ላይ እንደዋለች፣ መዝገቦቿን እሱ እንደተረከበ፣ ሐኪሞቹ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ እንደሚገቡ ይናገራል። ቀጥሎ፦ «ለቀረን አንድ ቦታ ሁለት ልጆች አሉ። ማንኛዋ ቅድሚያ እንደሚያስፈልጋት የምንወስነው በጽሑፍ በምናገኘው መረጃ ነው። እባክህ ልጅቱ አሁን ያለችበትን ሁኔታ እስከ ነገ ጠዋት ጻፍልን። የተመረጠችው ልጅ እስከ ሰኞ አዲስ አበባ መድረስ አለባት።»

እትዬ ደብሬ ልጇን ይዛ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ዘመዷ ቤት ነበር ያረፈችው። አስጠራኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች እየሮጠች መጣችና አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ነገሩን ስነግራት እጆቿን ወደ ሰማይ አነሳች። ቀጥላም ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች።

«እንግዲህ ይጣፉ፣ መምህር። እናኑ የተወለደች በሐምሌ ነው፣ አባቷ በሕይወት ሳለ…»

«እትዬ ደብሬ፣» አልኳት ፈገግ ብዬ፣ «ይህን እኮ ከዓመታት በፊት ነግረናቸዋል።»

«አውቃለሁ። ቢሆንስ? ተስሩ ይንገሯቸው።» ከሥሩ፣ ከመጀመሪያው ማለቷ ነው።

«ነግረናቸዋል ስልሽ! መውደቋንም፣ ሐኪሙ ያለውንም በጥር ጽፌላቸዋለሁ። አራት ገጽ! ይኸው» ብዬ ደብተሬን ገልጬ ራይቷን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ራይቷን በጣቷ ነካ አደረገቻት።

«እኛ አገር፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ሽማግሌ ለነገር ሲቀመጥ፣ ትናንት የሰማውንም ነገር ዛሬ ተስሩ ጀምራችሁ ንገሩን ይላል። ሦስት ጊዜ ቢቀመጡ ሦስት ጊዜ ነው እሚነገር። ነገርን ተሥሩ ውሃን ተጥሩ ይላሉ። ለምን ቢሉ፣ ትናንት ያልነበረ ሰው ዛሬ ተቀምጦ ይሆናል።»

ያንን የሽማግሌ ሸንጎ አውቀዋለሁ። አባቴ በአንድ የድንበር ነገር ሲካሰስ ሽማግሌዎቹ የበግ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ነገር ሲደጋግሙት ውለዋል፤ እኔም ከአጠገባቸው አንቀላፍቻለሁ። ስለዚህ ሳቅኩ። ከት ብዬ ባልስቅም፣ ስቄያለሁ።

«እነሱ እንደኛ ሽማግሎች አይደሉም፣ እትዬ። ፈረንጅ ሥርዓት አለው። አንዴ የተጻፈለትን መዝገብ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሲፈልግ ገልጦ ያያል። ብትደግሚበት ይቆጣል፣ 'አላነበብክም' ያልሽው ይመስለዋል።»

«ይቆጣል?» አለች፣ ፊቷ ላይ ፍርሃት ወደቀ።

«ይሰለቻል።»

«እንግዲያማ እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

ጻፍኩ። አሁንም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እንዳልረሳው ተፈርዶብኛል። መክፈቻው ስለ ማርጋሬት ጤና መጠየቅ፣ ሐኪሞቹን ማመስገን፣ ስለ ከተማችን ችግር ጥቂት ቃል ነበር። ዋናው ነገር ሁለት መስመር ነው፦ «የእናኑን ሁኔታ በተመለከተ ባለፈው ደብዳቤዬ በዝርዝር ገልጫለሁ፤ ቀደም ብዬ እንደገለጽኩት በመሆኑ እዚህ ደግሜ ላሰለችዎ አልፈልግም።» ጽፌ ስጨርስ ራሴን ወደ ኋላ አድርጌ አየሁት። ያ የኮሌጅ መምህራችን ቢያየው ከመቶ ዘጠና አምስት ይሰጠኝ ነበር።

«እስቲ ያንብቡልኝ» አለች እትዬ ደብሬ።

«እንግሊዝኛ ነው እኮ።»

«በአማርኛ መልሰው።»

«ኔትወርኩ ሳይሄድ ልላከው» አልኳት። እውነትም ይሄድ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ላክሁት። በዚያች ቅጽበት ተላከ።

ዓርብን በጥበቃ አሳለፍነው። እትዬ ደብሬ በቀን አራት ጊዜ መጣች። እኔ ስልኩን ከእጄ አልለየሁትም፤ መልስ የለም። ማታ ላይ ከተማዋ ውስጥ ኔትወርኩ መቆራረጥ ጀመረ። እሷ ግን ቆርጣለች። «ተመረጠች ቢሉን ሰኞ ተየት እንደርሳለን? ጋሸና ወጥተን እንጠብቅ፣ እዚያ መኪናም አለ፣ ስልኩም ይሠራል» አለች። ትክክል ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰይድ በሚባል የጋሸና ሹፌር ፒክአፕ ተሳፈርን። ሰይድ እናኑን ሲያያት ሌላውን ሰው ከፊት አስወርዶ ከጎኑ አስቀመጣት፤ ለእናቷም ለእኔም ከኋላ ባለው ወንበር ቦታ አገኘልን። እናኑ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ እግሯ አብጦ የእናቷን ሰፊ ጫማ ነው ያደረገችው። ነገር ግን ደስ ብሏታል። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ዞር ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ እኔን በእንግሊዝኛ ምን ብለው ጣፉኝ?»

«ጎበዝ ልጅ ናት ብዬ ነዋ።»

«መታመሜንስ?»

«እሱንማ ቀደም ብዬ ጽፌዋለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሰይድ በመስታወት እያያት፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ኢንሻአላህ ስትመለሺ ይቺን ዳገት እኔ በመኪና፣ አንቺ በእግርሽ፣ እንሽቀዳደማለን» አላት። ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ።

ጋሸና ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ከወልድያ የመጡ የጭነት መኪኖች መንገዱ ይከፈት አይከፈት እያሉ ተሰልፈው ቆመዋል። ሰይድ ወደ ደሴ የሚወርድ መኪና ሊያጠያይቅ ሄደ። እትዬ ደብሬና እናኑን አንዲት ምግብ ቤት አስገብቼ ሾርባ አዘዝኩላቸው። እኔ ስልኬን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ከአንድ ተሳቢ መኪና ጎን ከነፋሱ ተከልዬ እንደቆምኩ ስልኬ በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

መልሱ አጭር ነበር። «ስለ ፈጣን ምላሽህ እናመሰግናለን። እንደጠቆምከኝ ያለፈውን ደብዳቤህን ከመዝገቡ አውጥቼ አነበብኩት። እናኑ መርፌዋን ሳታቋርጥ እየወሰደች መሆኑን፣ ትምህርት ቤት እንደምትሄድና ሁኔታዋ የተረጋጋ መሆኑን በማወቃችን ደስ ብሎናል። በዚህ መሠረት የዘንድሮውን ቦታ ይበልጥ ለታመመችው ልጅ ሰጥተናል። ለሚቀጥለው ዓመት እናኑ የመጀመሪያዋ ትሆናለች።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተናደድኩት በሰውዬው ነው። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው? አራት ገጽ ጽፌለት! ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ራይቷ ቦታዋ ላይ ናት። ከዚያ በእልህ፣ የጥር ወሩን ደብዳቤ አውጥቼ መልሼ ልልክለት ስልኬ ውስጥ ፈለግሁ። ከተላኩት መካከል የለም። እንደገና ፈለግሁ፣ የለም። አንድ የማልከፍተው ቦታ ነበር፣ ሳይሄዱ የቀሩት የሚቀመጡበት። ከፈትኩት። እዚያ ተቀምጧል። አራት ገጹ፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ ማኅተሙ ሳይቀር። ከሥሩ በቀይ «አልተላከም» ይላል። ሁለት ወር ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ከርሜያለሁ።

 ከተሳቢው ጎማ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው በመልእክቱ ግርጌ የስልክ ቁጥር አስቀምጦ ነበር፤ አዲስ አበባ ገብቷል። ደወልኩ። በሁለተኛው ሙከራ አነሳው። ያ የምኮራበት እንግሊዝኛ አፌ ውስጥ ተሰባበረ። መውደቋን፣ መርፌው መጥፋቱን፣ ሐኪሙ ለሚቀጥለው ዓመት አትደርስም ማለቱን፣ ይህንንም በጥር ጽፌው ሳይሄድ መቅረቱን እየተንተባተብኩ ነገርኩት። 

«በጥር የጻፍከው ደብዳቤ የለኝም» አለኝ። «እኔ ያለኝ ዓምና ክረምት መግቢያ ላይ የላክኸው ነው። ሌላ የለም።»

«አሁን ማስተካከል አይቻልም?»

«ልጅቱ ትናንት ማታ ገብታለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ዛሬ ጠዋት ለቀዶ ጥገናው ዝግጅት ተጀመረላት። ሐኪሞቹን እለምናለሁ፣ ግን የቀሩት አልጋዎች በሙሉ ተይዘዋል።» ቀጥሎም፣ ሳይቆጣ፣ እውነት ግራ ገብቶት ጠየቀኝ። «አሁን የነገርከኝን ይህን ሁሉ ለምን ሐሙስ ዕለት አልጻፍክልኝም?»

«እባክህ ለምንልኝ» ብቻ አልኩት።  ከአንድ ሰዓት በኋላ እሱ ራሱ ደውሎ አልተቻለም አለኝ።

ምግብ ቤቱ ስገባ እትዬ ደብሬ ፊቴን አይታ ተነሳች። እናኑ ሾርባውን በማንኪያ እያማሰለች ነበር።

«ለሌላ ልጅ ሰጡት» አልኩ።

እትዬ ደብሬ ቆማ ቀረች። «የኛ ነገር ደርሷቸዋል?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። አንባቢዎቼ፣ የስልኩ ጉዳይ ስሕተት ነው፣ ኩራቴም ስሕተት ነው ልበል። ይህ ግን ስሕተት አይደለም።

«ደርሷቸዋል» አልኳት።

«ተስሩ ነግረዋቸው ነበር?»

«አዎ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። «እንግዲያማ ሰምተው ተሆነ የፈረዱ፣ ምን ይባላል። እግዜር ያወቀውን» አለች። የሽማግሌ ፍርድ እንደምትቀበለው ነው የተቀበለችው። እናኑ ቀና ብላ፣ «ትንሽ ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስድስት ዓመቷ ነው» ስላት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሾርባውን ገፋችው። ሰይድ መኪና አገኘሁ እያለ ገባ። የሆነውን ሲሰማ ቁልፉን መልሶ አወጣና፣ «ኑ፣ መልሼ ላግባችሁ» አለ። ያንኑ ዳገት ቁልቁል ወርደን ላሊበላ ገባን።

ከዚያ በኋላ በር ያላንኳኳሁ እንዳይመስላችሁ። ለዚያ ሰውዬ በየሳምንቱ ጻፍኩ፣ ተላከ አልተላከ እያልኩ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ እያየሁ። ሌላም ቦታ ጻፍኩ። አንዳንዱ አዝናለሁ አለ፣ አንዳንዱ አልመለሰም። እናኑ በግንቦት መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ጎን ተቀምጣ ሳለች አረፈች። መንደሯ ወስደው ቀበሯት። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሰዎቹ ትከሻ እየተቀያየሩ አረፉ፤ እኔ አልቀየርም አልኩ። ለማንም የሚጠቅም ነገር አልነበረም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ እትዬ ደብሬ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ከጎኔ ተቀመጠች።

«ለዚያች ለደግ ሴትዮ ይጣፉልኝ» አለችኝ። «እናኑ መሞቷን ትወቅ። ያችን ቀን ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ የሰማችላት እሷ ናት። አሁን ደግሞ ይሰለቻል አይበሉኝ። ተስሩ ነው እምንነግራት።»

ነገረችኝ፣ እኔም ጻፍኩ። በሐምሌ መወለዷን፣ አባቷ በስሟ አንዲት ጥጃ መስጠቱን፣ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ያመማት ሌሊት ማር ማስላሷን፣ ማርጋሬት በበቅሎ የመጣችበትን ቀን። ወደ ኋላ የሚጠቁም አንድም ሐረግ አልገባበትም። ጥር ላይ ደረስን። መጋቢት ላይ ደረስን። እዚያ እሷ የምታውቀው አለቀ፤ የማውቀው የእኔ ብቻ ቀረ። እጄ ቆመ። ከዚያ ሳልጠየቅ ጻፍኩት፤ ያልተላከውን ደብዳቤ፣ ሐሙስ ዕለት የጻፍኳቸውን ሁለት መስመሮች፣ ጋሸና ላይ የዋሸሁትን።

«ጨረሱ?»

«ጨረስኩ።»

«እስቲ በአማርኛ መልሰው ያንብቡልኝ» አለች።

አነበብኩላት። ያ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ እየቀነሰ ሄደ፣ ቢሆንም አልዘለልኩትም። ስጨርስ ዓይኔን ከደብተሩ አላነሳሁም። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን አቁሞ ውስጥ ሆኖ ሲያዳምጥ ይሰማኛል።  እትዬ ደብሬ ግን፣ ልክ ምንም እንዳልሰማች ሰው፣ በጣም ቀስ ብላ፦

«ተስሩ ጀምረው ይንገሩኝ» አለችኝ።

እንደገና ነገርኳት። ሲያልቅ ደግማ «ተስሩ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ነገርኳት። በሦስተኛው እያለቀስኩ ነበር፤ እሷ አላለቀሰችም። ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች።

«ያን ቀን ጋሸና ላይ ነግረውኝ ቢሆን፣» አለች፣ «ስልኩን ተቀብዬ እኔው ራሴ በአማርኛዬ እጮህላቸው ነበር። ባይገባቸውም ጩኸት ነው ይሉ ነበር።»

ወደ መናኸሪያው በኩል ወረደች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ማርጋሬት ደብዳቤው ሳይደርሳት ማረፏን ዘመዶቿ ጻፉልኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምሰጣችሁ ትልቅ ምክር የለኝም። ስልካችሁን እዩ፣ ደብዳቤ ሲሄድ አጣሩ ብል፣ ይህን ለማወቅ አንዲት ልጅ መቅበር አያስፈልግም ነበር ትሉኛላችሁ፤ ልክም ናችሁ። እኔን የቀየረኝ ግን የስልኩ ነገር አይመስለኝም። ብልጠት ብዬ የያዝኩት፣ የሰውን ሕመም አንዴ ተናግሬ ሁለተኛ ላለመድገም የነበረኝ ጥድፊያ ነው። እናትየዋ መድገም አልሰለቻትም፤ የሰለቸኝ እኔ ነበርኩ። ፈረንጁ ይሰለቻል ያልኳት የራሴን ነው።

አሁንም ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። እየረዘመብኝ ነው፣ ጓደኞቼም ያሾፉብኛል። ባለጉዳዩን ከተወለደበት ጀምሮ እጠይቀዋለሁ፣ ጽፌ ስጨርስ በአማርኛ አነብለታለሁ። ለእናኑ ግን ምንም አይጠቅማት። እንደዚህ እያደረግሁ የሆነ ነገር እየካስኩ እንደሆነ እንዳታስቡልኝ፤ እኔ ራሴም አላስብም።

ያ የጥር ደብዳቤ ዛሬም ስልኬ ውስጥ ነው። ልሰርዘው አልቻልኩም። ኔትወርክ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር፣ «ያልተላከ አንድ መልእክት አለዎት፣ ልላከው?» እያለ ይጠይቀኛል።